ጎጆ ያልወጣ እንግዳ ተቀባይ

ወረታን ያሳደጋት መንገድ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው አውራ ጎዳናና በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወልድያ መንገድ የሚገናኙት እዚህ ነው። ከተማዋ የምትሰፋውም መንገዶቹን እየተከተለች፣ የሩዝ ማሳውን እየበላች ነው። አምና ነዶ የተከመረበት ቦታ ዘንድሮ ችካል ይቸከልበታል፤ ከርሞ ቆርቆሮ ይለብሳል። በቆርቆሮው ሥር የሚያድሩት ግን ከአንድ ቦታ የመጡ አይደሉም። አንዱ አባቱ እዚያው ማሳ ላይ ያርስ የነበረ ወጣት ነው። ሌላው ከደጋው ለአረም ወርዶ እዚያው የቀረ ቀን ሠራተኛ ነው። ጎረቤታቸው ደግሞ ጦርነት ወይም ጥቃት ከቀዬዋ አፈናቅሏት፣ ልጆቿን ይዛ አንዲት ክፍል የተከራየች እናት ልትሆን ትችላለች።

ስለነዚህ ሰዎች የተጻፈው ጥናት ጥቂት አይደለም። ችግሩ በየመደርደሪያው ተበታትኖ መቀመጡ ነው። የከተማ ዳርቻን የሚያጠኑት የመሬት ሕግ ሰዎችና ፕላነሮች ናቸው፤ ጭንቀታቸው ካሳና ይዞታ ነው። ወንድነትን የያዙት አንትሮፖሎጂስቶች ነበሩ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የጾታ ጥቃት ፕሮጀክት የሚቀርጹ ባለሙያዎች ተጨምረዋል። ስለ ስደተኛና ተፈናቃይ የሚጻፈው በአብዛኛው የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ነው፤ ቤተሰብ ይቆጥራል፣ ብርድ ልብስ ይቆጥራል፣ ያልፋል። አንዱ የሌላውን አያነብም። ይህ ዳሰሳ ሁሉንም ወረታ በምትገኝበት በፎገራ ሜዳ ላይ አንድ ላይ ለማንበብ ይሞክራል። የምከራከርበትም ነጥብ ይኸው ነው፦ በዚህ አገር እንግዳ መቀበል የባለ ቤት ወግ ነው፤ ወንዱን ባለ ቤት የሚያደርገው ደግሞ መሬት ነው። የከተማው ዳርቻ መሬቱን ሲወስድበት ወጣቱ ከእርሻው ጋር ሌላ ሰው የማስጠጋት አቅሙን ያጣል። እንግዲህ ተፈናቃዩ የሚደርሰው ራሱ ጎጆ ባልወጣ ሰው ደጃፍ ላይ ነው።

ከቀደሙት እንነሣ። አለን ሆቤን በጎጃም ዳሞት ስለ ርስት ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አድርጎ ሲያወጣ ያሳየን ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ የሚሟገት ሰው ነው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ስለነበር፣ ማንም ሰው ያለው መሬት የትውልድ ሐረጉን ከመቁጠር ችሎታው፣ ከአንደበቱና ከደጋፊው ብዛት ጋር አብሮ ይሰፋ ወይም ይጠብ ነበር። መሬት ያበዛ ሰው ዘመድም ባዳም ያስጠጋል፤ ያስጠጋው ሰው ደግሞ በሸንጎ ከጎኑ ይቆማል። ዶናልድ ሌቪን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የአማራን ወንድነት ከሌላ ወገን አየው፤ መከራን ችሎ መዋል፣ ጥቃትን አለማሳደር፣ እጅ አለመስጠት። የሌቪን ወንድ ጠመንጃ እንጂ ማሳ የለውም፣ የሆቤን ወንድ ማሳ እንጂ ጠመንጃ የለውም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ብዙ ግን አልራቅሁም። ደቡብ ጎንደርን ለሚያውቅ ሰው ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ጠመንጃው የሚወለወለው ድንበር እንዳይገፋ ነው፤ ማሳውም ከሌለ ለጠመንጃው መግዣ የሚሆን በሬ አይኖርም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ርስትን አስቀርቶ መሬቱን ለሕዝብ፣ ሥልጣኑን ለገበሬ ማኅበር አደረገው። ለዛሬው ጥያቄያችን ከዚያ የበለጠ የሚከብደው ግን የ1989 ዓ.ም. ሽግሽግ ነው። ያን ጊዜ በአማራ ክልል፣ በቀድሞ መንግሥታት ሥልጣን ነበራቸው ተብለው «ቢሮክራት» የተባሉት ገበሬዎች መሬት ተቆርጦ መሬት ለሌላቸው ታደለ። ኖርዌያዊው ስቫይን ኤገ ድልድሉን በሰሜን ሸዋ ተከታትሎ እንደ ጻፈው፣ ለአንዱ ወገን ፍትሕ የመሰለው ለሌላው ውርደት ነበር፤ መሬቱን የተቀማ ሰው በመንደሩ ፊት ከሰው ተራ እንደ ወረደ ይቆጥረው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰፊ ድልድል አልተደረገም። ስለዚህ ያን ጊዜ ሕፃን የነበረ ወይም ገና ያልተወለደ የገበሬ ልጅ ዛሬ በአብዛኛው የሚያርሰው የአባቱን፣ የተከራየውን ወይም የእኩል መሬት ነው። አግብቶም ቢሆን በአባቱ ግቢ ጥግ ነው የሚኖረው። ባለ ቤት ለመባል ዕድሜው ደርሷል፤ ቤቱ ግን አልደረሰም።

በፎገራ ላይ ሩዝ ባይመጣ ኖሮ ነገሩ እንደ ሌላው ደጋ ሆኖ ይቀር ነበር። አዲስ ዘመን አጠገብ ካለው ከጣራ ገዳም ከፍታ በክረምት ቁልቁል የሚያይ ሰው ሜዳው ከጣና ጋር የተቀላቀለ ሊመስለው ይችላል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲወጡ ውኃው ለወራት ይተኛበታል። ድሮ ይህ መሬት የፎገራ ከብት ግጦሽና ውኃው ከሸሸ በኋላ ጓያና ሽምብራ የሚዘራበት ነበር፤ ማንም አይሻማበትም ነበር። በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የተሞከረው ሩዝ ግን ውኃውን ከመዓት ወደ ሲሳይ ለወጠው። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት፤ መፈልፈያዎችና መጋዘኖች መንገዱን ይዘዋል፤ ደረቅ ወደብም ተጨምሮላታል። ዳዊት ዓለሙ፣ አበባው አሳዬና ባልደረቦቻቸው ስለ ፎገራ ሩዝ በተከታታይ ያወጧቸው ጥናቶች ሰብሉ የመሬት ኪራይን፣ የቀን ሥራንና የትንንሽ ከተሞችን ዕድገት እንዴት እንዳንቀሳቀሰ ያሳያሉ። ማንም ያልፈለገው ረግረግ ውድ ሆነ። ውድ የሆነ መሬት ደግሞ ሁለት ፈላጊ አለው፤ አራሹና ከተማው።

የከተማው ፈላጊነት በሕግ ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የሚያገኘው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሽሎ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነው ገቢ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። መሻሻሉ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሁለቱም አዋጆች የሚያውቁት ባለ ይዞታውን ነው። አባት ካሳ ይቀበላል። እናት፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ ፎቶዋ ከባሏ ጋር ስለተለጠፈ፣ ያለ እሷ ፊርማ ነገሩ አይጠናቀቅም። የአባቱን ማሳ ለዓመታት ሲያርስ የኖረው፣ ይወርሰው የነበረው ልጅ ግን በካሳው ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ብሩ ቤት ይሠራበት፣ ባጃጅ ይገዛበት ወይም በሠርግ ይለቅ፣ ውሳኔው የአባት ነው። አንድ ቤተሰብ መሬቱን ሲለቅ አንድ ትውልድ በዝምታ ይፈናቀላል፤ እሱን ግን «ተፈናቃይ» ብሎ የሚመዘግበው የለም።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው አቻምየለህ ጋሹ በባሕር ዳር ዳርቻ ያካሄዳቸው ጥናቶች እዚህ ላይ ወሳኝ ናቸው። ገበሬው ከተማው እየመጣ መሆኑን ሲያውቅ ካሳው እንደሚያንሰው ይሰጋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መሬቱን ቆራርሶ በድብቅ ይሸጣል። ገዢው በሊዝ ጨረታ የማይቀመስ ዋጋ የገጠመው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ነው። ደላላ መሐል ይገባል፤ ውሉ የብድር ወይም የስጦታ ስም ይሰጠዋል፤ ቤቱ በሌሊት ይቆማል። እኛ «ሕገ ወጥ ግንባታ» የምንለው ነገር ከገበሬው ወገን ሲታይ አስቀድሞ የወሰደው ካሳ ነው። የአቻምየለህን ግኝት በወረታ ላይ ሳነብበው የሚታየኝ ሌላም ነገር አለ። የእንደዚህ ያለ ቤት የኪራይ ክፍል ርካሽ ነው፤ ወረቀትም ብዙ አይጠይቅም። አዲስ መጤ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። የከተማ ዳርቻ ጥናትና የመፈናቀል ጥናት የሚገናኙት በዚች ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ግን ገብተው አያዩዋትም።

ስለ ሥራ አጥ ወጣት ወንዶች የተጻፈው የተሻለ ነው፤ ትልልቅ ከተሞችን አለመልቀቁ ግን ያሳዝናል። ዳንኤል ሜይንስ በጅማ፣ ማርኮ ዲ ኑንዚዮ በአዲስ አበባ ያጠኑት ወጣት የተማረ ወይም አራዳ ነው። ሜይንስ ይሉኝታ ወጣቱን ከዝቅተኛ ሥራ እንዴት እንደሚያርቀው በደንብ አሳይቷል፤ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ድንጋይ ከመሸከም ሥራ ፈትቶ መዋል ይሻላል። የፎገራ ልጅ ለዚህ ጣጣ ቀደም ብሎ መላ አበጅቶለታል፤ ማንም በማያውቀው ቦታ ሄዶ ይሸከማል። መተማና ሑመራ ለዚህ ያገለግሉ ነበር። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወደ ቆላ ወርዶ፣ ሙቀቱንና ትንኙን ችሎ፣ ለሬዲዮ፣ ለልብስ፣ ለሠርግ ወይም ለበሬ የሚሆን ብር ይዞ መመለስ ለአንድ የደቡብ ጎንደር ጎረምሳ እንደ ዘመቻ ነው። የሌቪን ወንድ ማጭድ ይዞ ሲዘምት ማለት ነው።

ዘመቻውም ቁስለኛ አለው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ቡራ አካባቢ፣ ወባ እየተባለ ሰው ሲጨርስ የነበረው በሽታ ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ በዚህ ደጋ አይታወቅም ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ጀመሩ፤ አጥኚዎቹም ተውሳኩ በቆላ ሰሊጥ እርሻ ከሠሩ ተመላሽ ወጣቶች ጋር ሳይመጣ አልቀረም ብለው ገመቱ። ስለ ካላ አዛር የተጻፈው የሕክምና ጽሑፍ ብዙ ነው። ልጁ ለምን ወደ መተማ እንደወረደ፣ ማለትም መሬት አልባነትንና ጎጆ መውጣትን፣ ግን በአንዲት ዐረፍተ ነገር «ወቅታዊ ሠራተኛ» ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን ይህ የሕክምና ጽሑፍ በአካባቢው ስለ ወንድነት የተጻፈ ትልቁ ያልታሰበ ጥናት ነው።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ያው የመተማ መንገድ በተቃራኒ አቅጣጫ ሰው ያመጣ ጀመር። በኩመርና በአውላላ መጠለያ ጣቢያዎች የሰፈሩት ሱዳናውያን ዝርፊያና ጥቃት ሲበዛባቸው፣ በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ ከአውላላ ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ። ከዚያ ቀደም በዳባት ወረዳ አለምዋጭ ላይ ከትግራይ ካምፖች የወጡ ኤርትራውያን እንዲሰፍሩ ተደርጎ ነበር። ሕጉ በወረቀት ላይ ለጋስ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ኤርትራውያን ከካምፕ ውጭ እንዲኖሩ ፈቀደች፤ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብትን አሰፋ። የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን የሚመለከተውን የካምፓላ ስምምነትም በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይሁን እንጂ በቁጥርም በቅርበትም ለፎገራ ዋናው ጉዳይ የራሳችን ተፈናቃይ ነው። ከመተከልና ከወለጋ በጥቃት ወጥቶ ወደ አማራ ክልል የመጣው ሕዝብ አለ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ሲደርስና ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ የወልድያን መንገድ ይዞ ወደ ምዕራብ የሸሸውም አለ። የፎገራ ሰው ራሱም በጎርፍ ይፈናቀላል፤ የ1998 እና የ2012 ዓ.ም. ክረምቶች አይረሱም።

ይህ የራስ ተፈናቃይ በዓለም የታወቁትን የውህደት ንድፈ ሐሳቦች ይፈትናል። እ.ኤ.አ. በ2008 አለስተር ኤገርና አሊሰን ስትራንግ ያወጡት፣ ብዙ መንግሥታት የሚጠቅሱት ማዕቀፍ ሥራን፣ መኖሪያን፣ ትምህርትንና ጤናን ይዘረዝራል፤ ከዚያ የማኅበራዊ ትስስር ድልድዮችን፣ ቋንቋንና ባህልን ይጨምራል። ከወለጋ የመጣው ተፈናቃይ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከተቀባዮቹ ጋር አንድ ሃይማኖት አለው፣ አያቱም ከዚሁ ክልል የሄደ ሊሆን ይችላል። ድልድዩ ተሠርቶ ሳለ አሁንም የማይሻገረው ለምንድን ነው? መልሱን የማገኘው ከማዕቀፉ ሳይሆን ከሁለት የመስክ ጥናቶች ነው።

አንዱ የላውራ ሐመንድ ነው። ከሱዳን ተመልሰው ሑመራ አጠገብ አዳ ባይ የሰፈሩትን ትግራውያን ተከትላ፣ ሰው ወደ «አገሩ» ቢመለስም ቀዬውን ከባዶ እንደሚሠራው አሳየች፤ መቃብር፣ ጉርብትና፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር እስኪኖር ድረስ ቦታው የማንም ነው። ሌላው የሳይመን ተርነር ነው። በታንዛንያ ሉኮሌ ካምፕ የነበሩ የቡሩንዲ ወንዶች ቤተሰባቸውን የሚመግበው ራሽን እንጂ እነሱ ስላልሆኑ የባልነት ቦታቸውን የእርዳታ ድርጅቱ የወሰደባቸው ያህል ይሰማቸው ነበር። ወጣቶቹ ግን በካምፕ ፖለቲካና በአለቅነት አዲስ ወንድነት አገኙ። የኛ ተመራማሪዎች ተርነርን ሲጠቅሱ በስደተኛው ወንድ ላይ ያቆማሉ። እኔ ወደ ተቀባዩ ወንድ ማዞር እፈልጋለሁ፤ እሱም የሚመግበው ቤት የለውም።

እዚህ ላይ ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን የምንነግረው ተረት ቢቀር ይሻላል። ቶም ቦይልስተን በጣና ዳር ዘጌን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አብሮ መብላት ሰውን ከሰው የሚያዛምደውን ያህል የሚለይም መሆኑን አሳይቷል። የባሪያ ዘር የተባለው፣ ቡዳ ተብሎ የተጠረጠረው፣ ማዕዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ተለክቶለታል። በጣና ዳር የሚኖረው የወይጦ ማኅበረሰብም ያንን ያውቃል። እንግዳ መቀበል ምንጊዜም የባለ ቤቱን ደረጃ ማሳያ ነበር፤ ተቀባዩ ከፍ፣ ተቀባዩ ዘንድ የመጣው ዝቅ ይላል። ታዲያ ከፍ የሚልበት ቤት የሌለው ወጣት፣ ዝቅ ብሎ የመጣውን ሰው በሥራ ሰልፍ ላይ ከጎኑ ሲያገኘው፣ የሚያየው ተሻሚ ነው።

ይህን በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ግቢ ማየት ይቻላል። የገለባ ክምር፣ ዓይን የሚያቃጥል አቧራ፣ የማያቋርጥ ሞተር። በአንድ ወገን ሴቶች ተቀምጠው የተሰበረውን ሩዝ ከደህናው ይለያሉ፣ ያነፍሳሉ፣ ይለቅማሉ። በሌላው ወገን ወንዶች ኩንታል ይሸከማሉ። ሁለቱም የቀን ሥራ ይመስላሉ፤ በራቸው ግን አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ ከተሞች እንደተለመደው ጭነት የተደራጁ የጫኝና አውራጅ ልጆች ይዞታ ነው። ቦታውን «የኛ ነው» ብለው ይጠብቁታል፤ ባዳ ኩንታል ቢያነሣ ጠብ ነው። ለቀማ ማኅበር የለውም። ማንም ሴት ሰፌዷን ይዛ አጠገባቸው ብትቀመጥ፣ የት አገር ነሽ ከተባለች በኋላ ሥራው ይቀጥላል። ክፍያው ከሸክሙ ያነሰ ነው፤ የሚገባበት በር ግን ክፍት ነው። የተፈናቃይ ቤተሰብ ሴቷ ቀድማ ሥራ ስታገኝና ባልየው ቤት ሲውል ምክንያቱን «የወንዱ ስንፍና» ወይም «የሥነ ልቦና ጫና» የሚሉ ሪፖርቶች ይህን በር አላዩትም። የጫኝና አውራጁን ልጅ ክፉ ለማድረግ አይደለም፤ ያቺ መሸከሚያ ቦታ አባቱ ያላወረሰው ማሳ ናት፤ ድንበሯን የሚጠብቀውም አያቱ ይጠብቅ በነበረው መንገድ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀጣጠለው ውጊያ ለዚህ ወጣት ሌላ የወንድነት መንገድ ከፍቶለታል። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ነገሩ ገና ትኩስ ነው፤ መስክ ወርዶ መጠየቅም ከባድ ነው። ሆቤንንና ሌቪንን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ግን ማሳ ያጣ ልጅ ጠመንጃ ቢያነሣ አይደነቅም። የጾታ ጥናቱ ወንድነትን ከጥቃት ጋር ብቻ እያያያዘ ሲያጠና፣ ከእጁ ያመለጠው የመሬቱ ጥያቄ ነው።

ሴቶቹም በዚህ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ተበዳይ ወይም ተረጂ ሆነው ብቻ መታየታቸው ስሕተት ነው። ምንተዋብ በዛብህና ባልደረቦቿ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ መረጃ ላይ እንዳሳዩት የይዞታ ደብተሩ ሴት የምትመራው ቤተሰብ መሬቷን ሳትፈራ እንድታከራይ አቅም ይሰጣል። ይህን ወደ ወረታ ዳርቻ አምጡት። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት፣ በስሟ የተመዘገበ ቦታ ያላት፣ ጓሮዋ ላይ ሁለት ሦስት ክፍል ሠርታ ታከራያለች። መጤው የሚያርፈው እሷ ዘንድ ነው። ወጣቱ ያልቻለውን የባለ ቤትነት ወግ፣ ማለትም ሰው ማስጠጋትን፣ የያዘችው እሷ ናት።

እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል የቢሮ ነገር አለች። ሰው አዲስ ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ይጠየቃል። የተፈናቀለ ሰው መሸኛ ከየት ያመጣል? የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተቃጥሎ ወይም ጸሐፊው ራሱ ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። መታወቂያ ከሌለ ደግሞ የባንክ ደብተርም፣ በሥራ ማኅበር መደራጀትም ይከብዳል። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚፈታው የሰፈር ሰው «አውቀዋለሁ፣ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው» ብሎ ሲመሰክር ነው፤ ያ ምስክር ደግሞ አከራዩ ወይም አከራይቱ ናት። እድር መግባትም እንደዚያው ነው፤ ዋስ ይፈልጋል። የሚቀጥለው ጥናት በእርዳታ ድርጅት ዝርዝር ከመጀመር ይልቅ ከነዚህ አከራዮች ቢጀምር የተሻለ ያገኛል፦ ለማን መሰከሩ፣ ለማን እምቢ አሉ፣ ልጆቻቸውስ በዚያው ግቢ ከተከራዩ ጎን ያለ ጎጆ እየኖሩ ምን አሉ።